ኮቱን አትመኚ

ጥቅምት 4

ውድ ጋሽዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ፋሻውን እየነካካህ እንዳይሆን፤ እጅህ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከአልጋዋ ባትነሳም መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የስፌት ሱቃችንን ታስተዳድራለች። ትናንት አንድ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ከመጋረጃው ጀርባ «ልጄ፣ ሱሪውን ተቀበዪውና እንደመጣ ይሂድ!» አለች። ሰውዬው ግድግዳው የተናገረ መስሎት ደንግጦ ከፈለ።

ስለ ቁልፎቹ ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። ማን እንደነገረህ አልጠይቅም፤ ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ ሱቋን እንጂ አፏን ቆልፋ አታውቅም። አዎ፣ ሁለት መቶ አርባ የካፖርት ቁልፎች ከመደርደሪያው ተነስተዋል። አልተሸጡም፣ አልጠፉም። በሁለት ብልቃጥ ተከፍለው እሷው ዘንድ ተቀምጠዋል። አሁን ተቀመጥና ስማኝ። ካርታ እየተጫወትኩባቸው ነው፤ ፖከር።

አንተ ሆስፒታል በገባህ በሳምንቱ ሕንፃው ተሸጠ። ያልጻፍኩልህ ዓይንህን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ተኝተህ ስለነበር ነው፤ ይቅር በለኝ። የገዛው ኮንትራክተር ነው። እማዬ ጥሩምባ ብላዋለች፤ ከሰውየው በፊት ድምፁ ስለሚገባ። ሱቃችንን አፍርሶ የጎማ መሸጫ ሊያደርገው ነው። ከድሮው ባለቤት ጋር የነበረን ውል በሽያጩ ቀረ። ሊያስወጣን የመጣ ቀን የካውያው ጠረጴዛ ላይ ያንተን ካርታ አየ።

«ማነው እዚህ ቤት ቁማርተኛው?» አለ።

«እኔ ነኝ። አጎቴ ነው ያስተማረኝ» አልኩት።

ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም፤ ጥርሱ ሲስቅ ዓይኑ ግድግዳውን ይለካ ነበር። «እንግዲያው ፍርድ ቤት ምን ይሠራልናል?» ብሎ ወንበር ሳበ።

በወረቀት ተፈራርመናል። ምስክራችን ፋርማሲስቷ ናት፤ ካርታውን የምታድለውም እሷ ናት። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል እንጫወታለን። ለእያንዳንዳችን መቶ ሃያ ቁልፍ፤ ቁልፉ ያለቀበት ተሸናፊ ነው። እሱ ካለቀበት በድሮው ኪራይ አሥር ዓመት እንቀመጣለን። እኔ ካለቀብኝ በስምንት ቀን ውስጥ ያለ አንዳች ክርክር እንወጣለን። እማዬ የተኛችበት ክፍልም፣ ያንተ መስኮትም፣ ሁሉም። አትጩህብኝ። እምቢ ብለው ኖሮ በወሩ መጨረሻ መውጣታችን አይቀርም ነበር።

አሁን ምክርህን ፈልጌ ነው። ጨዋታውን ታውቀዋለህ፤ ሁለት ካርታ በእጅ፣ ከዚያ ሦስት ካርታ መሃል ላይ ይገለጣል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በእጄ ጥሩ ሲኖረኝ እጨምራለሁ። ሦስቱ ሲገለጡ ግን ብዙውን ጊዜ የኔ ዘመድ አይደሉም። ያኔ አሁንም ጥሩ እንደያዘ ሰው ደግሜ ልመድብ ወይስ ልለፍ? ስመድብ እላዬ ላይ ይጨምርብኛል፤ እጥላለሁ። ሳልፍ እሱ ይመድባል፤ አሁንም እጥላለሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ ተቀምጦ አያውቅም። በሁለት እሑድ ሠላሳ ስድስት ቁልፍ ወሰደብኝ።

የእህትህ ልጅ፣
መርፌ

ደግሞ አትሳቅ፤ በአንድ እጁ ቤቴን እየወሰደ በሌላው ግራጫ ኮት አዞኛል። ለካሁት። ወንድ ሲለካ ደረቱን ይነፋል እንዳልከኝ ከደረቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ቀንሼ ቆረጥኩ።


ጥቅምት 11

ለእኔዋ መርፌ፣

ይህን የምትጽፍልኝ ሲስተር ናት። እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች፤ ስለዚህ ልቆጣሽ ያሰብኩትን ያህል አልተቆጣሁሽም። (ሦስት መስመር ዘልያለሁ። — ሲስተር)

በማግስቱ አስከትለሽ የላክሻትን ቁራጭ ወረቀትም አንብባልኛለች። «ትቼው እናቴን ይዤ ልውጣ ወይ?» ላልሽው መልሴ አይደለም ነው። ፈርመሻል። የፈረመ ሰው ይጫወታል።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ ስትጨምሪ አንድ ወሬ ጀምረሻል፤ «ጥሩ ይዣለሁ» ብለሻል። ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ወሬሽን ትቀጥያለሽ ወይስ ታቋርጫለሽ፣ ጥያቄሽ ይኸው ነው። እኛ በወጣትነታችን ይህችን ሁለተኛ ምደባ «ማስቀጠያ» እንላት ነበር። ለፈሪ ሰው ማስቀጠያ መድኃኒቱ ናት። ሦስቱ ካርታዎች ከሦስት ጊዜ ሁለቱን እሱንም አይረዱትም፤ ስለዚህ ይጥልልሻል። ያንቺ ሰው ግን ፈሪ አይደለም። በባዶ እጅሽ ስታስቀጥዪበት በባዶ እጁ ይጨምርብሻል፤ ከሁለት ውሸታም ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገረው ያሸንፋል።

እና መርጠሽ ቀጥዪ። መሃል ላይ ንጉሥ ወጥቶ ሌሎቹ ሁለቱ ትንንሽና የማይተዋወቁ ከሆኑ ወሬሽ ይታመናል፤ መጀመሪያ የጨመረ ሰው ንጉሥ ይኖረዋል ተብሎ ይጠረጠራልና። ያኔ በትንሽ ቀጥዪ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ተደርድረው ከወጡ ግን ያ የሱ ሰፈር ነው። ያገኘውን ቅራቅንቦ ሁሉ ይዞ ስለሚገባ አንዱ አይቀርለትም። እጅሽን ሰብስበሽ እለፊ። መካከለኛ ነገር ሲኖርሽ ደግሞ እለፊና እሱ ይንፋ፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ተከተዪው። የሚጮህን ሰው ዝም እንደሚል ሰው የሚያስቸግረው የለም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህችን ያዢ። አንዲት ቁልፍ ከመግፋትሽ በፊት «ቢጨምርብኝ ምን አደርጋለሁ?» በዪ። መልስ ከሌለሽ አትግፊ። መልስ ካለሽ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ አትለውጪው። ሐሳብሽን ከመቀሱ በፊት ነው የምትጨርሺው።

እዚህ አጠገቤ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ተኝቷል። በጠርሙስ ቆርኪ እንጫወታለን፤ ካርታዬን ሲስተር በጆሮዬ ትነግረኛለች። መኪና እንደሚነዳው ነው የሚጫወተው፤ ፍሬን አያውቅም። ትናንት ሦስት ጊዜ አልፌለት በሦስተኛው ገደል ገባ። «አንተ ዕውር እንዴት አወቅህ?» አለኝ። «የሞተርህ ድምፅ ነገረኝ» አልኩት።

ፋሻው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል። እስከዚያው በክፍሉ ውስጥ ስንቀሳቀስ ከአልጋ ጋር እጋጫለሁ። የገረመኝ ግን ቤታችን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜም መሄድ እችል ነበር። ከበሩ እስከ መስኮቴ አሥራ አንድ እርምጃ፣ በአምስተኛው የካውያው ጠረጴዛ ጥግ። እህቴን ሳሚልኝ፤ ስለ ጨዋታው ታውቃለች ወይ?

አጎትሽ


ጥቅምት 24

ውድ ጋሽዬ፣

ጤና ላንተ፣ ብርታት ለሲስተር! ሰው እንዳንተ ያለውን በሽተኛ ችሎ ደብዳቤም ከጻፈለት ምስጋናው በቃል አያልቅም።

«እህቴ ታውቃለች ወይ?» ላልከኝ፣ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኩ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ትናንት ጨዋታው አልቆ ሲወጡ ከመጋረጃው ጀርባ «ዛሬ ጥሩምባው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ስንት ወሰድሽበት?» አለችኝ። መጋረጃ ጆሮ የሚጋርድ መስሎኝ!

አዎ፣ ወሰድኩበት። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኞ ነው፤ ሙሉ ሳምንት አጠናሁት፤ እዚህ ጋ ንጉሥ፣ እዚያ ጋ ሰባት ስምንት ዘጠኝ እያልኩ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ጻፍኩት። ትናንት ባለፍኩ ቁጥር ግራ ገባው።

«መርፌ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? አፍሽንም ሰፋሽው እንዴ?» አለ።

«አንተ ስትናገር ተራ አጥቼ ነው» አልኩት።

ፋርማሲስቷ ሳቋን በካርታው ከለለችው። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ከመሳቢያዬ የልብስ ጠመኔዬን አነሳና ተነስቶ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመረ። ከእማዬ መጋረጃ እስከ በሩ፣ ቀጥ ያለ። «እዚህ ጋ ነው የምንጥሰው» አለ፤ ጠመኔውን መልሶ ቦታው አስቀመጠው። መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ብጠርገውም አልጠፋም፤ ጠመኔው የራሴ ስለሆነ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ማወቅ ነበረብኝ።

ቢሆንም አሁን መቶ ሠላሳ አንድ ቁልፍ አለኝ። ይህን ያገኘሁት ግን በምክርህ ብቻ አይደለም። ሌላም ነገር አግኝቻለሁ።

ግራጫው ኮት አልቆ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለብሶት ይመጣል። እንደምታውቀው እኔ የሰው ፊት ማንበብ አልችልም፤ ልብስ ግን አነባለሁ። በሁለት እጁ ብዙ ቁልፍ ወደ መሃል ሲገፋ፣ የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ከቀዳዳው ይሳባል። ከዚያ ወደ ብብቱ አንዲት እጥፋት ትሄዳለች፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ሦስት ጊዜ አየኋት። ሦስቱንም ጊዜ ተከተልኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ ነበር። ጋሽዬ፣ ሲዋሽ ደረቱን ይነፋል! በገዛ እጄ የሰፋሁት ኮት ይነግረኛል።

ደስ ብሎኝ እማዬን ሳምኳት። «ምን አገኘሽ?» ብትለኝ «ስንጥቅ» አልኳት።

መርፌ


ኅዳር 1

ለእኔዋ መርፌ፣

ፋሻው ተፈታ ወይ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፤ ገና ነው። ሐኪሞቹ ትንሽ ይቆይ ብለዋል። ሐኪም እንደ ሰፊ ነው፤ ነገ ና ይላል። ስለሱ አትጨነቂ።

ስለ ኮቱ ሲስተር ስታነብልኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ሾፌሩም «ምን ሆነ፣ ጎማ ፈነዳ?» አለ። ከዚያ ግን ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ አየሁ አልሽ። ያላየሽው ስንት ነው? እጥፋቷ ወጥታ አንቺ ፈርተሽ ጥለሽ፣ እሱ ካርታውን ሳያሳይሽ የሰበሰበው ስንት ነው? እነዚያን አልቆጠርሽም፤ የማይታይ ነገር አይቆጠርምና። ደግሞ ያ ሰው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ባዶ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትከተዪውም ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ምልክቷን አትጣያት፤ ግን መጀመሪያ ሦስቱ ካርታዎች፣ ቀጥሎ «ቢጨምርብኝ» የምትለው መልስሽ፣ ከዚያ በኋላ ኮቱ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢው።

አንድ ነገር ግን ይኮረኩረኛል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ወለል ላይ እንደወደቀ መርፌ ሆኖብኛል፤ እንዳለ አውቃለሁ፣ የት እንዳለ ግን የማውቀው ስረግጠው ነው። ከሱ ጋር አትቸኩዪ። የሚቸኩለው እሱ ይሁን።

በወሩ መጨረሻ ያስወጡኛል። መስኮቴ ላይ ያለውን አቧራ አራግፊልኝ።

አጎትሽ

እህቴ፣ ይህን የምጽፈው እሱ ሳያውቅ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፋሻው የተፈታው ባለፈው ማክሰኞ ነው። አያይም። በአንደኛውም በሌላውም ዓይኑ። «ገና ነው ብለሽ ጻፊ» አለኝ፤ እንዳዘዘኝ ጻፍኩ። ማታ ማታ ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ እያራመደ ይቆጥራል። ምን እንደሚቆጥር ስጠይቀው «ቤቴ እየገባሁ ነው» ይለኛል። አንቺም እንዳላወቅሽ ሁኚ። — ሲስተር


ኅዳር 8

ውድ ጋሽዬ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬም ደህና ናት፣ ሱቁም ደህና ነው። መስኮትህን አጥቤዋለሁ። መንገዱ እስከ ማዶው ዳቦ ቤት ድረስ ወለል ብሎ ይታያል... ማለቴ ንጹሕ ሆኗል።

«ምን አስቸኮለሽ?» ብለህ አትጠይቀኝ፤ ቀጣዩ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ መልሱን እየጻፍኩልህ ነው። ትናንት ጥሩምባው አንድ ሐሳብ አመጣ። «ይሄ እሑድ እሑድ ሰለቸኝ። በሚመጣው እሑድ ተቀምጠን እስኪያልቅ እንጫወት። ካሸነፍሽኝ የአሥር ዓመቱን ውል እዚያው ጠረጴዛ ላይ እፈርምልሻለሁ» አለ። ውሉን አዘጋጅቶ ይዞት መጥቷል። አሳየኝ። ከታች የሱ ስም፣ አጠገቡ ባዶ መስመር።

ፋርማሲስቷ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ቢሆንም እሺ አልኩ። በወሩ መጨረሻ ስትመጣ ነገሩ አልቆ፣ ውሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንድታገኘው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቁልፌ መቶ አርባ ደርሷል፤ እሱ መቶ። እጥፋቷን አራተኛ ጊዜ አየኋት፤ አራተኛም ባዶ። ቅደም ተከተሉን አላዛባም፤ አትስጋ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከበሩ ስትገባ የምትቆጥራቸው አሥራ አንዱ እርምጃዎች ከደረጃው ይጀምራሉ ወይስ ከበሩ ደፍ? ዝም ብዬ ነው። የካውያውን ጠረጴዛ ለጨዋታው ወደ ግራ አስጠግተነው ነበር፤ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ማንም እንዳይነካው በጠመኔ እግሮቹን ዙሪያ ምልክት አድርጌበታለሁ።

መርፌ


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መርፌዬ፣

ደብዳቤሽ አሁን ደረሰ። ከደፉ ነው የሚጀምሩት። ለምን እንደጠየቅሽኝ አልጠይቅሽም።

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይተነዋል። ሲስተርን ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና እንድታነብልኝ አደረግኋት። የመጀመሪያው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ ከስምሽ በታች፣ «ሁለት ሴንቲ ቀንሼ ቆረጥኩ» የሚል አለ። መርፌውን ረገጥኩት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሕጉን ግማሹን ነው ያስተማርኩሽ። ሲለካ ደረቱን የሚነፋው ትልቅ መስሎ መታየት የሚፈልግ ሰው ነው። የባንክ ጸሐፊ ይነፋል፣ ሙሽራ ይነፋል፣ እኔም ብሆን እነፋለሁ። ቤቱ ሁሉ የኔ ነው ብሎ የገባ ሰው ግን ለማን ብሎ ይነፋል? በራሱ ደጃፍ ላይ እንዳለ ተዝናንቶ ይቆማል። ለዚህ ነው ሜትሩን ከመጠቅለልሽ በፊት ትንፋሹን ማየት ያለብሽ፤ ይህን ሌላውን ግማሽ አልነገርኩሽም። አንቺ ካልተነፋ ደረት ላይ ሁለት ሴንቲ ቀነስሽ። ኮቱ ጠቦታል፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። በሁለት እጁ ሲገፋ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ሲያጎነብስ ቁልፉ ይሳባል። ባዶ ሲሆንም ይሳባል። ሙሉ ሲሆንም ይሳባል። አራቱም ጊዜ ባዶ የሆነው ሁልጊዜም ባዶ ስለሚበዛበት ነው።

ይህ ደብዳቤ ለነገ አይደርስም። ሲስተር ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጣ ተመልሳለች። ሠራተኛው አጭር ከሆነ ዛሬውኑ ይሄዳል ስላላት፣ ሁለት ቃል ብቻ ጻፍኩልሽ፤ ኮቱን አታምኚ። ይበቃሻል። አንቺ ልጅ ሆነሽም አንድ ጊዜ ሲነግሩሽ ትሰሚ ነበር።

ሾፌሩ ዛሬ እንጫወት ሲለኝ እምቢ አልኩት። ካርታ መንካት ፈራሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 14፣ እሑድ

ውድ ጋሽዬ፣

ቴሌግራምህ ጧት ደረሰ። አንተ ሰውዬ! ቴሌግራም ሲመጣ ልቤ ቀጥ ነው ያለው፤ አንተ ምን ሆነሃል ብዬ ከፈትኩት። «ኮቱን አትመኚ» ይላል።

ምኑን ነው የምመኘው? እማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እስክታለቅስ ሳቀች። «አጎትሽ ሰውዬውን የወደድሽው መስሎታል፤ ሰውዬውን አትመኚ ማለት አፍሮ ኮቱን አትመኚ አለሽ» አለች። ፋርማሲስቷ ደግሞ «የለም፣ የሰው ንብረት አትመኚ፣ የያዝሽው ይበቃሻል፣ በትንሽ ተጫወቺ ማለቱ ነው» ትላለች። እኔ የመሰለኝን ልንገርህ? ካሸነፍኩት በኋላ ኮቱንም ጭምር ላስወልቀው እንዳሰብኩ አውቀህብኛል። እሺ፣ አልመኘውም። ለብሶት ይሂድ። ኮቱን ይልበስ፤ ቤቱን ያስቀምጥልኝ።

ምክርህን በጨርቁ ላይ እንደገና አየሁት። ንጉሥና ሁለት የማይተዋወቁ ትንንሾች ከሆኑ በትንሽ እቀጥላለሁ። ቢጨምርብኝ እጥላለሁ። መልሴ ይኸው ነው፤ ከመቀሱ በፊት ጨርሼዋለሁ።

ጠረጴዛውን አላንቀሳቀስንም። በቦታው ሆኖ ነው የምንጫወተው።

ከውጭ ድምፁ ተሰማ። እሱ ራሱ ገና አልታየም። የሚሆነውን ማታ እጽፍልሃለሁ።

መርፌ


ኅዳር 27

ውድ ጋሽዬ፣

ሲስተር፣ እባክሽ ይህን ደብዳቤ አንዲት መስመር ሳትዘዪ አንብቢለት።

ጋሽዬ፣ «ለምን ዝም አልሽ?» ላልክባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ይቅርታ። ዝም ያልኩት ዕቃ ስናነሳ ስለነበር ነው። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ አዲስ ነው፤ ከዚህ በኋላ በዚያኛው አትጻፍ፤ የሚቀበልህ የለም።

ሰውዬው ቃሉን አክባሪ ነው፤ ይህን ልክደው አልችልም። ስምንት ቀን አለ፣ ስምንት ቀን ሰጠን። በዘጠነኛው ጧት ሠራተኞቹ መጡ፤ በጠመኔዬ መስመር ላይ ጀመሩ። እማዬን ከነወንበሯ አራት ሰው ተሸክሞ ነው ያወጣት። «ቀስ በሉ፣ ቁም ሣጥን አይደለሁም!» እያለች መንገዱን ሙሉ ስታዛቸው፣ እኔ ከኋላ የስፌት መኪናውን ጋሪ እየገፋሁ ነበር። ወደ ኋላ ዞር አላለችም። እኔ ዞር ብያለሁ።

ቴሌግራሙን በተመለከተ ሲስተርን አትቆጣት። ወረቀቷ ላይ «አታምኚ» ብላ እንደጻፈች እኔም እምላለሁ። ሁለት ቃል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ መንገድ ላይ ሌላ ቃል ሆነ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ኮቱን አልተመኘሁትም፣ ጋሽዬ። አመንኩት እንጂ።

ስለ ጨዋታው ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ አንድ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ ሁለተኛ አንነጋገርበትም። አስና ንግሥት ይዤ ጨመርኩ። መሃል ላይ ንጉሥ፣ ስምንት፣ ሦስት ወጡ፤ ልክ አንተ እንዳልከው፣ የማይተዋወቁ። በትንሽ ቀጠልኩ። ጨመረብኝ፣ በሁለት እጁ፣ ያለውን ሁሉ። መልሴ ዝግጁ ነበር፤ መጣል። ካርታዬን ከጠረጴዛው አንስቼ ነበር እኮ። ከዚያ እጥፋቷ መጣች፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። መልሴን ለወጥኩት። በእጁ ጥንድ ሦስት ይዞ ነበር፤ መሃል ላይ ያለችው ሦስት ሦስተኛዋ ሆነችለት። ከዚያ በኋላ የቀረኝ በአንድ መዳፍ የሚታፈስ ነበር፤ ሩብ ሰዓትም አልቆየ። ፋርማሲስቷ ቁልፎቹን ወደ ብልቃጡ ስትመልስ አለቀሰች። እሱ አልሳቀም። ያ ነው የባሰብኝ።

ሐሙስ እለት እዚህ መጣ። ድምፁ ቀድሞት አልገባም፤ ቀስ ብሎ አንኳኳ። ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሏል።

«መርፌ፣ አንቺን ማስቀየም ፈርቼ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎንበስ ስል ያንቀኛል። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው የተጫወትኩት። ትንሽ ብታሰፊልኝ?»

ሰውን ሥራ ይዞ ሲመጣ መመለስ አላስተማርከኝም። አቆምኩት። ሜትሩን ከመጠቅለሌ በፊት ትንፋሹን አየሁ። አልነፋም፤ የራሱ ደጃፍ ላይ እንዳለ ሰው ተዝናንቶ ቆመ። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሁለት ሴንቲ። ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትቼ ስለነበር አሰፋሁለት። አሁን ሲያጎነብስ ምንም አይሳብም። ልክክ ብሎለታል፤ ከሰፋኋቸው ኮቶች ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ ሲያስወጡህ ሲስተር እስከ አውቶቡሱ ታደርስሃለች፤ እኔ እዚህ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። አዲሱ ክፍል ጠባብ ነው፣ ግን መስኮት አለው። የሥራ ወንበርህን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ከደፉ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው። በሦስተኛው በግራህ የካውያው ጠረጴዛ ጥግ አለ፤ በሱፍ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፣ ብትነካውም አያምህም። በአምስተኛው የእማዬ አልጋ፤ እዚያ ጋ ስትደርስ እጅህን ትይዛለች።

አትስጋ፣ ልኩ ትክክል ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የለካሁት።

መርፌ